ለጎረቤት የሠራ ፕሮግራም እናንተ ላይ ለምን አይሠራም? ስለ "የግል" የስፖርት ፕሮግራም ቀለል ያለ ማብራሪያ

"30 ቀን፣ በቀን 100 ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ማታ ዳቦ የለም፣ ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ።" ይህን የመሰለ ዝርዝር በቴሌግራም ያልደረሰው ሰው ጅማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ለመርካቶ ነጋዴም፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ ለባጃጅ ሾፌርም፣ ለጡረተኛም የሚላከው ያው ነው። አንዱ በወሩ ሱሪው ይሰፋዋል። ሌላው በሳምንቱ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል። ሦስተኛው ሁሉንም እንደታዘዘው ሠርቶ ምንም ለውጥ አያይም። "እኔ ላይ አይሠራም" ብሎ ይተወዋል።

"ለራስህ የሚስማማ ፕሮግራም ያስፈልግሃል" የሚለው ምክር የበዛው ከዚህ በኋላ ነው። ምክሩ ልክ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው "የግል ፕሮግራም" ሲባል የሚታየው ውድ ምርመራ፣ በጣሳ የሚሸጥ ዱቄትና በመጀመሪያው ቀን ታትሞ የሚሰጥ ወረቀት መሆኑ ነው። እኔ ነገሩን በተቃራኒው ነው የማየው። ፕሮግራም የግል የሚሆነው ከተጀመረ በኋላ ነው። ሰውነት የሰጠውን መልስ እያያችሁ ስታርሙት የእናንተ ይሆናል።

ለመሆኑ ስፖርት ሰውነትን የሚለውጠው እንዴት ነው?

ስፖርት እየሠራን ሳለ አንጠነክርም። እንዲያውም በዚያ ሰዓት እንዳከማለን። ጡንቻ በጥቃቅኑ ይጎዳል፣ ያከማቸው ጉልበት ይሟጠጣል። ጥንካሬው የሚመጣው በኋላ፣ ስንበላና ስንተኛ ነው። ሰውነት የተጎዳውን ሲጠግን ለሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ አጠንክሮ ይጠግነዋል። ባለሙያዎች ይህን መላመድ ይሉታል።

ስለዚህ ጫናው ከለመድነው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ሰውነት የሚለምደው አዲስ ነገር የለም። በጣም ከበዛ ወይም እረፍት ካጣ ደግሞ ጥገናው ሳያልቅ መልሰን እናፈርሰዋለን።

በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ኩንታል ሲሸከም የሚውል ወጣትና ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ የሒሳብ ሠራተኛ የለመዱት ጫና አይገናኝም። ለሒሳብ ሠራተኛው 20 ስኳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ተሸካሚው ግን ጫና አልጎደለውም፤ የጎደለው እረፍትና ምግብ ነው። እሱን ማታ ጂም ወስዶ ብረት ማሸከም ድካም ላይ ድካም መጨመር ነው። ወገቡን የሚያፍታታና ሆዱ አካባቢ ያሉትን ጡንቻዎች የሚያጠነክር አጭር እንቅስቃሴ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

አንድ ሰው ውስጥ ራሱ ሁሉም ነገር እኩል አይላመድም። ልብና የደም ዝውውር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሻሻል ያሳያሉ። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። አዲስ ሯጭ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት "አሁንማ ትንፋሽ አለኝ" ብሎ ርቀቱን በእጥፍ ሲጨምር ቋንጃው ወይም ጉልበቱ የሚያመው ለዚህ ነው። ትንፋሹ ደርሷል፣ ጅማቱ አልደረሰም።

ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሠርቶ ውጤቱ ለምን ይለያያል?

በዚህ ላይ በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተካሄደው "ሄሪቴጅ" የተባለው ጥናት ነው። ከ98 ቤተሰቦች የተውጣጡ፣ ስፖርት የማይሠሩ 481 ሰዎች ተመረጡ። ለ20 ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ባለሙያ እየተቆጣጠራቸው ቋሚ ብስክሌት ነዱ። ጫናው የተለካው ከእያንዳንዱ ሰው አቅም ተነስቶ ነው። ስለዚህ "ያኛው ሰንፎ ነው" ማለት አያስኬድም።

የተለካው የኦክስጅን አቅም ነው። ሰውነት እስከ መጨረሻው ሲደክም በደቂቃ ስንት ሊትር ኦክስጅን መጠቀም ይችላል ማለት ነው። ይህ አቅም ሲያድግ ዳገት ይቀላል፣ ሩጫ ይረዝማል። በአማካይ በደቂቃ 0.4 ሊትር ገደማ ጨመረ። አማካዩ ግን ብዙ ይደብቃል። ምንም ያልጨመሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከ1 ሊትር በላይ የጨመሩም ነበሩ። የአንድ ቤት ልጆች ውጤት ይቀራረብ ነበር። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ ከልዩነቱ እስከ 47 በመቶ የሚሆነው በዘር የሚወረስ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። "እኔ ያልታደልኩት ነኝ ማለት ነው" ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ሥዕሉን ይለውጠዋል። 78 ጤነኛ ሰዎች በአምስት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ሌላው ሁለት ሰዓት፣ እያለ እስከ አምስት ሰዓት ለስድስት ሳምንታት ሠራ። አንድ ሰዓት ከሠሩት ከ10 ሰው 7ቱ ያህል ለውጥ አልታየባቸውም። ሁለት ሰዓት ከሠሩት 4ቱ፣ ሦስት ሰዓት ከሠሩት 3ቱ ገደማ እንዲሁ። አራትና አምስት ሰዓት ከሠሩት መካከል ግን ያልተለወጠ አልተገኘም። ለውጥ ያጡትም ለተጨማሪ ስድስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ሰዓት ሲጨመርላቸው ሁሉም ተሻሻሉ።

እርግጥ በየቡድኑ የነበሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ መለኪያውም የራሱ ስህተት አለው። ቢሆንም የሚያሳየው ነገር ለእኛ ጠቃሚ ነው። "አይሠራልኝም" የሚለው ብዙ ሰው ያልሠራለት መጠኑ ነው። ደግሞም የትንፋሽ አቅሙ ባይጨምር የደም ግፊቱ ወይም የስኳሩ መጠን ሊሻሻል ይችላል። ለውጡን የፈለግነው በአንድ ሚዛን ብቻ ከሆነ አናየውም።

የዲኤንኤ ምርመራ አይነግረኝም? የሰውነት ቅርጼስ? የደም ዓይነቴስ?

ለጊዜው ገንዘባችሁን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደታቸው የበዛ 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ግማሹ ቅባት ቀነሰ፣ ግማሹ ዳቦና ፓስታ የመሳሰለውን። በአማካይ ሁለቱም ወገኖች ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሱ። በየቡድኑ ውስጥ ግን 30 ኪሎ ገደማ የቀነሰም፣ 10 ኪሎ ገደማ የጨመረም ነበር። ማን በየትኛው አመጋገብ ይቀንሳል የሚለውን ከዘረ መላቸው ለመተንበይ ሞከሩ፤ አልተሳካም። ልዩነቱ እውነት ነው። ምርመራው ግን አስቀድሞ አያውቀውም።

"ቀጭን፣ ጡንቻማ፣ ወፍራም" የሚለው የሰውነት ቅርጽ ክፍፍል ከስፖርት ሳይንስ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሰውን ጠባይ ከቅርጹ ጋር ለማያያዝ ያወጣው ነው። የደም ዓይነትን ተከትሎ መብላት የሚለውም የሚደግፈው ማስረጃ የለውም።

የልብ ምት ቀመሩስ?

ጂም ግድግዳ ላይ "220 ሲቀነስ ዕድሜ" የሚል ሰንጠረዥ አይታችሁ ይሆናል። ከፍተኛ የልብ ምትን መገመቻ ነው። የ40 ዓመት ሰው 180 ይወጣለታል። ይህም አማካይ ነው። ከሦስት የ40 ዓመት ሰዎች የሁለቱ ትክክለኛ ቁጥር ከ170 እስከ 190 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ የሦስተኛው ከዚያም ይርቃል። በዕድሜ ለገፉ ደግሞ ቀመሩ ዝቅ አድርጎ ይገምታል። በኋላ የወጣ ሌላ ቀመር (208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7) ለ60 ዓመት ሰው 160 ሳይሆን 166 ይሰጣል። ለደም ግፊት እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ሁለቱም አይሠሩለትም። መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚቀንስ ቁጥሩ ሳይደርስ ሰውየው ይደክማል።

ቡና የምትቆላ ሴት ሰዓት አይታ አታወርድም። እርጥበት ያለው ፍሬ ይዘገያል፣ በደንብ የደረቀው ቶሎ ይጠቁራል። እሷ የምትከተለው መልኩንና ሲንጣጣ የሚያሰማውን ድምፅ ነው። ስፖርት ላይ ያን ቦታ የሚይዘው ንግግር ነው። እየተራመዳችሁ ወይም ሶምሶማ እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ጫናው መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ መሳብ ካለባችሁ ከባድ ነው። ያለ ምንም ዕቃ የሚሠራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ልክ የሚለካ ዘዴ ነው።

ኑሮዬ ከፕሮግራሙ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ፕሮግራም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አርኖልድ እየመሰለ የሚመክረን የዩቲዩብ አሠልጣኝ ቡና አፍልቶ እስከ በረካ አልተቀመጠም።

ከቡናው እንጀምር። ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያስወጣዋል። ነፍሰ ጡርና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት በጣም ይቆይባቸዋል። ስለዚህ አመሻሹ ላይ ሦስት ስኒ ጠጥቶ ድብን ብሎ የሚተኛ አለ። በዚያው ቡና እስከ ሌሊት ጣሪያ ሲያይ የሚያድር አለ። ሁለተኛው ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ እንዲሮጥ ማዘዝ ያለ እንቅልፍ እንዲሮጥ ማዘዝ ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት ይመከራል፤ ጥገናው የሚካሄደው በእንቅልፍ ነው ብለናል። ለዚህ ሰው የመጀመሪያው "ስፖርት" የከሰዓቱን ቡና ወደ ጠዋት ማምጣት ነው።

ጫትን በተመለከተ ስብከት አልጀምርም፤ ጅማ ነው ያለነው። ግን ሳይነሳ ቢታለፍ ማብራሪያው ጎዶሎ ይሆናል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያርቃል። በምርቃና ሰዓት ድካም ስለማይሰማ ሰው ከአቅሙ በላይ ሊሠራ ይችላል። ልቡ ግን ቀድሞም ሥራ ላይ ነች። የሚቅም ሰው ስፖርቱን ከበርጫ በፊት፣ ጠዋት ላይ ቢያደርገው ይሻላል። ግፊት ያለበት ደግሞ ስለመቃሙ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ምሳ ሳይበላ የሚውል ሰው ጡንቻ አልጨመርኩም ብሎ ቢገረም እኔ አልገረምም።

ጾም ሌላው ነው። በረመዳን ቀን ላይ ውሃ ስለሌለ ከባዱን ሥራ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ፣ ወይም ከማፍጠሪያው ቀደም ብሎ ቀለል ያለ እርምጃ ብቻ መውሰድ ይቻላል። በዐቢይ ጾም የሚጾም ሰው ደግሞ ሥጋና እንቁላል ባይኖርም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ፕሮቲን አላቸው። ጥያቄው በቂ መጠን መብላቱ ላይ ነው። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም እንክብል የሚወስድ ሰው ጾምና ስፖርት ሲደራረቡበት ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ይህ ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ዝናቡንም አትርሱ። ጅማ ላይ "ጠዋት ጠዋት ውጭ እሮጣለሁ" የሚል ዕቅድ ክረምት ሲገባ ጭቃ ላይ ይቀራል። ቤት ውስጥ የሚሠራ የዝናብ ቀን ምትክ ከሌለው ግማሽ ዕቅድ ነው። ጎህ ሳይቀድ መውጣትም ለሁሉም አንድ አይደለም። ለአንዱ ወጣት ንጹሕ አየር ነው። ብቻዋን ለምትወጣ ሴት ግን ጨለማውም፣ የመንደር ውሻውም ሐሳብ ነው። እሷ በምሳ ሰዓት ብትራመድ ምን ይጎድላታል?

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከጋምቤላ ቆላ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቢያለከልክ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ምክር ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይላል። በተጨማሪ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን፤ መውደቅ ለእነሱ ትልቁ አደጋ ስለሆነ። ይህ መድረሻ ነው። ዛሬ ምንም የማይሠራ ሰው 10 ደቂቃ ቢራመድ ጀመረ ይባላል። (በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ታዋቂ ቁጥር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ማስታወቂያ ነው። ካልደረሳችሁበት አትጨነቁ።)

ቀጥሎ ዓላማ ነው። "ጤናማ መሆን እፈልጋለሁ" ስፋቱ አይያዝም። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን የጅሬን ዳገት ሳይቆሙ መውጣት ግን ይያዛል። ሰውነት የሚለምደው የሠራበትን ነገር ስለሆነ ዳገት ፈላጊ ዳገት ይውጣ። መጀመሪያ ሩቡን፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና። ፑሽ አፕ ለዳገት ብዙም አይረዳም። መሬት ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትለቅም ወገቧን የሚያማት ሴት ዓላማዋ ሌላ ነው። በየመሐሉ መነሳት፣ ዳሌና ጀርባን ማፍታታት፣ ከበርጩማ ላይ ሳይደገፉ መነሳትን ደጋግሞ መሥራት ይበቃታል።

ከዚያ ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል። ምን ሠራችሁ፣ ምን ያህል ከበዳችሁ፣ እንዴት ተኛችሁ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁ ስንት ነው። የልብ ምቱ ከለመዳችሁት በግልጽ ከፍ ካለና እንቅልፉም ከተበላሸ ያን ቀን አቅልሉ። ከስፖርት በኋላ ያለው የጡንቻ ሕመም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቢቆይ የተለመደ ነው። በሳምንቱም ካልለቀቀ፣ ወይም ሕመሙ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ መጠኑ በዝቷል። ምንም ካልከበዳችሁ ትንሽ ጨምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ቀኑንም፣ ርቀቱንም፣ ምግቡንም ባንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ለመፍረድ ስድስት ሳምንት ያህል ስጡት።

"እኔ የምፈልገው ቦርጬ እንዲጠፋ ብቻ ነው" ለሚሉ አጭር መልስ አለ። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ስብ ከየት ቀድሞ እንደሚቀንስ ሰውነት ራሱ ነው የሚወስነው።

ጂም ስገባ ጥሩ አሠልጣኝን በምን አውቃለሁ?

ከመናገሩ በፊት በመጠየቁ። "እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ጉልበትዎን አሞዎት ያውቃል? ሲነሱ ያዞርዎታል?" ሳይል ዳምቤል የሚያስይዝ ሰው የሚያሠለጥነው ሌላ ሰው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ "እንዴት ሆነልዎት?" ካላለም ፕሮግራሙ በስማችሁ ይጻፍ እንጂ የእናንተ አይደለም። ግፊት ያለበት ሰው ክብደት ሲያነሳ ትንፋሹን እንዳይዝ ካላስጠነቀቀው ደግሞ ሌላ ጂም ፈልጉ። ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊትን ለጊዜው በጣም ያሻቅባል።

መቼ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው?

የልብ ሕመም ያለበት፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ በእርግዝናዋ ችግር የገጠማት፣ ወይም ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚይዘው ሰው ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። ግፊትን ጤና ጣቢያ መለካት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ጤነኛ እርግዝና ላይ ያለች ሴት መራመድ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚመከር ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ግን በጀርባ ተኝቶ የሚሠራውን ትተወው።

እየሠራችሁ ደረታችሁን ከጨመደዳችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ራሳችሁን ልትስቱ ከሆነ፣ ወዲያውኑ አቁሙና ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ምልክት ደግሞ አለ። ባልለመዱት ከባድ ሥራ ማግስት፣ ያ የ100 ስኳት ዓይነት፣ ጡንቻ ከመጠን በላይ አብጦ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ከጡንቻው የፈረሰው ነገር ኩላሊት ላይ እየደረሰ ሊሆን ይችላል። ያኔ ውሃ ጠጥቶ መተኛት አይበቃም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መታየት አለበት።